በሁለት ጆሮ መስማት

ከሱዳን የገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ዶካ የምትባል ከተማ ትገኛለች። አካባቢዋ ሜዳማና ሞቃት ቆላ ሲሆን፣ ሰሊጥና ማሽላ በሰፊው ይመረትበታል። በአዝመራ ወቅት ከኢትዮጵያ ደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት በዚያ አገር ገበያ ከዐረብኛው ጎን ለጎን አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜም፣ ድንበር ከተሻገሩት ስደተኞች ብዙዎቹ የተጠለሉት ከዶካ ብዙም በማይርቀው በኡም ራኩባ መጠለያ ነበር።

የዶካና የመተማ ቆላ ከሰሊጡ ሌላ ካላዛር በተባለ በሽታም ይታወቃል። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ በምትባል፣ ከትንኝ እንኳ በምታንስ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን እያሳበጠ ሰውነትን እያመነመነ የሚሄድ ደዌ ነው። ያልታከመ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ በዶካ በሱዳናዊው ሊቅ በፕሮፌሰር ኤል ሐሰን ስም የተሰየመ የቆላ በሽታዎች ማዕከል ተቋቁሞ፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በጎንደርና በአብደራፊ በሽታው ሲታከምና ሲጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም የጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ የመረጠው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶች በመርፌ ለ17 ቀናት የሚሰጡበት ነው። ከሁለቱ አንደኛው ፓሮሞማይሲን ይባላል።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ከመስማት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፓሮሞማይሲን ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና ጄንታማይሲን ከሚገኙበት የመድኃኒት ወገን ነው። የዚህ ወገን መድኃኒቶች የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፉ ናቸው፤ ነገር ግን የውስጥ ጆሮን የመጉዳት ጠባይ አላቸው። በፓሮሞማይሲን በታከሙ የካላዛር ሕሙማን ዘንድ ጉዳቱ በጥቂቶች ላይ ብቻ የታየና ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። የካናማይሲን ታሪክ ግን ከዚህ ይከብዳል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በጎንደር መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ በሚታከምበት ጊዜ፣ ሕመምተኛው ለወራት ያህል መርፌ ይወጋ ነበር፤ ከነቀርሳው ድነው መስማታቸውን ያጡ ሰዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም የጤና ድርጅት ካናማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል። ይህን የምንገልጸው ማንም ከሕክምና እንዲሸሽ ብለን አይደለም። ካላዛር ለገደለው ሰው ጤናማ ጆሮ ምን ይጠቅመዋል?

ዋናው ጉዳያችን እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ጆሮን የሚጎዱት በምን ሥርዓት እንደሆነና የተረፈው መስማት እንዴት እንደሚረዳ ነው። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የውስጥ ጆሮን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል።

በአየር ውስጥ የሚጓዘው የድምፅ ሞገድ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ያርገበግባል። ከታምቡሩ በስተጀርባ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች እርግብግቢቱን ተቀባብለው ኮክሊያ ወደሚባለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ያደርሱታል። ኮክሊያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል፤ ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ፣ ቢዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ውስጡ ፈሳሽ የሞላበት ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ ጠጉር የሚመስሉ ዘለላዎች ያሏቸው ሕዋሳት በረድፍ ተሰልፈዋል። ከእነዚህ መካከል ዋናውን መልእክት ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት በአንድ ጆሮ 3,500 ያህል ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ አይቀበሉም። በኮክሊያ መግቢያ ላይ ያሉት እንደ ዋሽንት ያለውን ቀጭን ድምፅ ሲቀበሉ፣ ወደ ጫፉ የሚገኙት እንደ በገና ያለውን ወፍራም ድምፅ ይቀበላሉ። እነዚህ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም።

ቀደም ብለን የጠቀስናቸው መድኃኒቶች ጉዳት የሚጀምረው በኮክሊያ መግቢያ ላይ ካሉት ሕዋሳት ነው። በመሆኑም ሰውየው በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። እርጅናና የፋብሪካ ጩኸትም የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ መጨረሻው ይቀራል። ሰውየው ነጎድጓድ ይሰማል፤ የመኪና ሞተር ይሰማል፤ የሰው ድምፅም ይሰማል፤ ነገር ግን የተነገረውን ቃል አይለይም።

ይህ ለተመልካች እጅግ ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ነው። የዚህ ምንባብ ጸሐፊ መምህር ሳለ የቃል ጽሕፈት ያስጽፍ ነበር። አንድ ተማሪ «ሰበረ» ሲባል «ከበረ»፣ «ቀበረ» ሲባል «ሰበረ» እያለ ይጽፋል። ስሙ ሲጠራ አቤት ስለሚል መስማቱን የተጠራጠረ አልነበረም። ሰነፍ ነው ተብሎ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ሲሞላ ከረመ። ኋላ ላይ ሲመረመር የልጁ ጆሮ ቀጭን ድምፅ እንደማይቀበል ታወቀ። ሰበረ፣ ቀበረ፣ ከበረ፣ ነበረ የሚባሉትን ቃላት ድምፃችሁን ሳታሰሙ፣ በከንፈራችሁ ብቻ በዝግታ ብትሏቸው፣ ልዩነታቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ እንደሆነና ያም ከንፈር ላይ እምብዛም እንደማይታይ ትገነዘባላችሁ። ለዚያ ልጅ የሚደርሰው «…በረ» የሚለው ብቻ ነበር፤ የቀረውን ይገምታል። ግምቱም ሲሳካለት ጎበዝ፣ ሳይሳካለት ሰነፍ ይባላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ሲሆን፣ ማይክሮፎን፣ ድምፅ ማጉያና ትንሽ ድምፅ ማውጫ አለው። ሥራው ባጭሩ ድምፅን አጉልቶ ወደ ጆሮ ማስገባት ነው። የሚያገለግለውም የሚቀበለው ሕዋስ በሕይወት ካለ ነው። በወና ቤት በር ላይ የቱንም ያህል ቢጮኽ የሚከፍት አይገኝም፤ ሕዋሳቱ ባለቁበት ስፍራ ድምፅን ማጉላትም እንዲሁ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»ና የመሳሰሉት ድምፆች ጉልበታቸው በቀጭኑ በኩል ስለሆነ፣ የ«ሰ»ም ዋናው ክፍል በሰከንድ ከ4,000 እርግብግቢት በላይ ስለሆነ፣ መሣሪያው እያለም ላይደርሱ ይችላሉ።

በዚህ ጊዜ ሊታሰብ የሚገባው ሁለተኛው ርዳታ በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መስሚያ፣ በተለመደው ስሙ ኮክሊያር ኢምፕላንት ነው። የዚህ መሣሪያ ሐሳብ መነሻ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ባትሪን የፈለሰፈው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ሁለት የብረት ዘንጎችን በሁለት ጆሮዎቹ አስገብቶ በራሱ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቀ። ራሱን የመታው ነገር ካስደነገጠው በኋላ፣ ወፍራም ነገር ሲፈላ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ያገራችን ሰው ቢሆን ኖሮ «ሽሮ ሲንተከተክ» ይል ነበር። ቮልታ ሙከራውን አልደገመውም፤ ተማሪዎችም እንዳትሞክሩት። ይሁን እንጂ የመስማት ነርቭ በኤሌክትሪክ ሊቀሰቀስ እንደሚችል ፍንጭ የተገኘው በዚያ ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 በፓሪስ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪየስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአንድ ፈጽሞ መስማት የተሳነው ሰው የመስማት ነርቭ አጠገብ ሽቦ ተከሉ። ሰውየው የንግግርን ምት ለየ፤ ቃሉን ግን መለየት አልቻለም። በ1961 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ ሥራውን ቀጠለ። አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ ደግሞ መስማት ከደከመ መድኃኒት ቀማሚ አባት የተወለደ ሲሆን፣ በርካታ የኤሌክትሪክ መነኻሪያዎች ያሉትን ቀጭን ሽቦ ጠመዝማዛውን ኮክሊያ ሳይጎዳ ማስገባት እንዴት እንደሚቻል ለረጅም ጊዜ አሰበ። መፍትሔው የመጣለት በባሕር ዳርቻ ሳለ ነው፤ የሣር ቅጠል ወደ አንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ቢያስገባ፣ ጫፉ የሚተጣጠፍና ግንዱ ጠንከር ያለው ሣር እየተጠቀለለ ወደ ውስጥ ገባለት። በነሐሴ ወር 1978 በሜልቦርን የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አደረገ። በኦስትሪያም ኢንገቦርግና ኤርቪን ሆክማየር የተባሉት ባልና ሚስት በተመሳሳይ ዘመን የራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው ነበር።

ዛሬ ያለው መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው። የውጭው ክፍል ከጆሮ ጀርባ ተንጠልጥሎ ድምፅን ይቀበላል፤ ድምፁንም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጥና በማግኔት ራስ ቆዳ ላይ በተጣበቀች ክብ ነገር አማካይነት፣ ቆዳውን ሳይበሳ፣ እንደ ሬዲዮ ሞገድ ወደ ውስጥ ይልከዋል። በቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር የተቀበረው ክፍል ምልክቱን ተቀብሎ፣ ኮክሊያ ውስጥ በገባው ሽቦ ላይ ወደሚገኙት ኤሌክትሮዶች ያከፋፍላል። የኤሌክትሮዶቹ ቁጥር እንደ ፋብሪካው ከ12 እስከ 22 ይደርሳል። እያንዳንዱም ከአጠገቡ ያለውን ነርቭ በቀጥታ ይቀሰቅሳል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ድምፅ አያጎላም፤ የሞቱትን ሕዋሳት ሥራ ተክቶ ድምፅን ወደ ነርቭ ቋንቋ ይተረጉማል።

ነገር ግን በ3,500 ሕዋሳት ምትክ 22 ኤሌክትሮዶች ብቻ መቆማቸውን ልብ ማለት ያሻል። ተነባቢዎቹ ይለያሉ፤ ሰበረና ከበረ ይለያሉ። የድምፅን ርዝመትና ምት መሣሪያው አይቸገርበትም፤ ስለዚህ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላና ሲጠብቅ ያለውን ልዩነት፣ ወይም «ገና» የሚለው በዓሉን ወይም ጊዜውን የሚያመለክት መሆኑን በርዝመቱ ለመለየት ያግዛል። የሚያዳግተው የድምፅ መውጣትና መውረድ፣ ማለትም ዜማው ነው። የመሰንቆ ቅኝት ይደበላለቃል፤ የእናትና የአክስት ድምፅ ይመሳሰላል። አዲስ የተተከለላቸው ጎልማሶች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ሰዎች ሁሉ በቆርቆሮ ውስጥ ሆነው የሚናገሩ እንደሚመስላቸው ይገልጻሉ።

የዚህን ምንባብ ዋና ጥያቄ ለማንሣት አሁን ጊዜው ነው። አንድ ጆሮው የተተከለለት ሰው በሌላው ጆሮው ላይ የነበረውን አሮጌ መስሚያ መሣሪያ ምን ያድርገው?

በቀድሞው ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው በሁለቱም ጆሮ ምንም ለማይሰሙ ብቻ ስለነበረ የመስሚያ መሣሪያ የሚረዳው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ጥቂት መስማት የተረፈላቸውም ይታከሙ ጀመር። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች «አሮጌውን አውልቁት፤ አእምሮ አዲሱን እንዳይማር ያውካል» ብለው ይመክሩ ነበር። ምክሩ ከጥንቃቄ የመነጨ ቢሆንም ትክክል አልነበረም። ሁለቱን አብረው ያደረጉ ሰዎች በፈተና ሲታዩ፣ አብዛኞቹ በአንዱ ብቻ ከሚሰሙት ይልቅ በሁለቱ የተሻለ ሰሙ። ዛሬ የተለመደው ምክር የቀድሞው ተቃራኒ ነው፤ በሌላው ጆሮ ላይ የሚረዳ ቅሪት ካለ መሣሪያው እንዳይወልቅ ይመከራል።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚያመጡትን ማነጻጸር ይበቃል። የተተከለው መስሚያ ቀጭኑን ክፍል፣ ይኸውም ተነባቢዎቹን ያመጣል። የመስሚያው መሣሪያ በሌላው ጆሮ ከተረፉት ሕዋሳት ጋር ሆኖ ወፍራሙን ክፍል፣ ይኸውም የተናጋሪውን ድምፅ መሠረትና ዜማውን ያመጣል። የወንድ ድምፅ መሠረት በሰከንድ ከ100 እስከ 150 እርግብግቢት፣ የሴት ደግሞ 200 ያህል ነው። ይህ ክፍል ለብቻው ቃል አያስለይም፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ግን ዋጋው ይታወቃል።

በቋንቋችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «አባትህ መጣ።» እና «አባትህ መጣ?» በጽሑፍ የሚለያዩት በሥርዓተ ነጥብ ነው። በንግግር ግን የሚለያቸው በመጨረሻው ላይ የድምፅ መውረድና መውጣት ብቻ ነው። በተተከለው መስሚያ ብቻ የሚሰማ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ ይለያል፤ እየነገሩት ይሁን እየጠየቁት ግን ሊጠፋበት ይችላል። ቁጣንና ቀልድን፣ ምስጋናንና ሽሙጥን የምንለይባቸው አብዛኞቹ ምልክቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በአማርኛ ሰውን ቃል በቃል ብቻ የሚሰማ ሰው ምን ያህል እንደሚያመልጠው ለተማሪዎች መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥቅም ከራስ ቅላችን የሚመጣ ነው። ጭንቅላት ለድምፅ ግድግዳ ነው። ከግራ የሚናገር ሰው ድምፅ፣ በተለይ ቀጭኑ ክፍል፣ ቀኝ ጆሮ ጋ ደክሞ ይደርሳል። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ተማሪ ጩኸት በበዛበት ክፍል ውስጥ ጩኸቱ በደህናው ጆሮው በኩል ከሆነ ተያዘ ማለት ነው። ሁለት ጆሮ ያለው ግን ጸጥታ ወዳለበት ወገን ጆሮውን ያዘነብላል። ከዚህም በላይ አእምሮ ድምፅ ከወዴት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን ልዩነት በመመዘን ነው። የጊዜው ልዩነት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያንሳል፤ ሆኖም አእምሮ ይለየዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች የተለያዩ ስለሆኑ ይህን ልዩነት እንደ ተፈጥሮ ጆሮ አያደርሱትም፤ ቢሆንም ለብዙዎች ከአንዱ ብቻ ይሻላል። ከዶካ ወደ ገላባት በሚያልፈው የጭነት መኪና መንገድ ዳር ለሚሄድ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሥራ ያጣ ጆሮ እየሰነፈ ይሄዳል፤ ድምፅ ለዓመታት ካልደረሰው አእምሮ በዚያ በኩል የሚመጣውን ንግግር የመረዳት ችሎታውን ይቀንሳል። ስለዚህ ወደፊት ለዚያኛውም ጆሮ ቀዶ ሕክምና ቢታሰብ፣ መሣሪያ ሲያደርግ የቆየው ጆሮ የተሻለ ተስፋ ይኖረዋል።

ሁለቱን ማጣመር ግን እንደ መነጽር ባንድ ቀን የሚለመድ አይደለም። የተተከለው መሣሪያ ሥራ የሚጀምረው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው። ባለሙያው እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ የሚሰጠውን ኀይል ይለካል፤ ምን ያህሉ እንደሚሰማ፣ ምን ያህሉ እንደሚያውክ ታካሚውን እየጠየቀ ይመዘግባል። በዚያን ሰሞን አሮጌው መሣሪያ የሚያመጣው ድምፅ የታወቀና የሚጥም፣ አዲሱ የሚያመጣው ደግሞ እንግዳና የሚያስቀይም ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጽማል። አንዱ አዲሱን አውልቆ በአሮጌው ብቻ መኖር ነው፤ ሌላው ደግሞ አዲሱ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ስለሆነ አሮጌውን ሣጥን ውስጥ መጣል ነው። የሚሻለው የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ማድረግ፣ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ደግሞ በአዲሱ ብቻ መለማመድ ነው።

አሮጌውም መሣሪያ እንደገና መስተካከል አለበት። አንዱ ጮኾ ሌላው ቢያንሾካሹክ፣ አእምሮ የጮኸውን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ባለሙያ ፊት፣ በአንድ ቀን፣ እኩል እስኪደመጡ ድረስ ቢመዘኑ መልካም ነው። ሕዋሳት ባለቁበት የቀጭን ድምፅ ክፍል የመስሚያው መሣሪያ በከንቱ እንዳይጮኽ ባለሙያው ሊቀንሰው፣ ወፍራሙን ግን ሊያጎላው ይችላል። ለቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የደከመው ጆሮ የሚመረጠውም የተሻለው ለመስሚያ መሣሪያ እንዲቀር ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱን ርዳታ ባንድ ጆሮ የሚሰጥ ዘዴም አለ፤ የጀርመኑ ሐኪም ክሪስቶፍ ፎን ኢልበርግ በፍራንክፈርት ያስጀመሩትና እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ይህ ዘዴ፣ አጠር ያለ ሽቦ በመትከል በዚያው ጆሮ የተረፈውን ወፍራም ድምፅ ለመጠበቅ ይጥራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቅሪት መስማት ላለው ሰው ነው። ማጅራት ገትር ያደነቆረው ልጅ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ዶካም መተማም ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በቀበቶው አገሮች፣ በሱዳን ከ2012፣ በኢትዮጵያ ከ2013 ጀምሮ በተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለው ዓይነት ወረርሽኝ በእጅጉ ጠፍቷል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሉ። ይህ በሽታ ኮክሊያን ካቆሰለ በኋላ ቱቦው በሳምንታትና በወራት ውስጥ በአጥንት ሊደፈን ይችላል። ከተደፈነ ሽቦው አይገባም። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የተረፈ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል እንደወጣ መስማቱ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት፤ ፈጽሞ ካጣም መስሚያ መሣሪያ እየሞከሩ ዓመት መጠበቅ ጊዜን ማባከን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚሻለው ከተቻለ ሁለቱንም ጆሮ መትከል ነው። የተተከለለትም ሰው ራሱ ለማጅራት ገትር የበለጠ ስለሚጋለጥ ተጨማሪ ክትባት እንዲወስድ ይመከራል።

እስቲ አሁን በዶካ የሚኖር፣ አንድ ጆሮው የተተከለለት፣ በሌላው መስሚያ መሣሪያ ያደረገ አንድ ተማሪ እናስብ። ፀሐዩ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ አቧራውም አይጣል ነው። ላብ ሁለቱንም መሣሪያ ይገባቸዋል። ስለዚህ ማታ ማታ በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ባለበት ክዳናማ ዕቃ ውስጥ ማሳደር ይኖርበታል። በጆሮው ልክ የተሠራውን የመስሚያ መሣሪያውን ፕላስቲክ ከመሣሪያው ለይቶ በለብታ ውኃና በሳሙና ያጥባል፤ መሣሪያውን ግን ውኃ አያስነካም። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪዎች ብዙዎቹ በአየር የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ተለጣፊው ከተነሣላቸው በኋላ ባይጠቀሙባቸውም ያልቃሉ፤ ባትሪዎቹን ሕፃን እንዳይውጣቸውም ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተተከለው መስሚያ የውጭ ክፍል ከመስሚያ መሣሪያው ይልቅ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በየቀኑ የሚሞላ ባትሪ ያለው እንደሆነ መብራት በማይኖርበት ሌሊት ጠዋት ደንቆሮ ሆኖ መነሣት አለ። በእንዲህ ያለው ቀን ያ አሮጌ መሣሪያ ብቻውን ከክፍል ያደርሰዋል፤ መምህሩ ፊቱን ወደ እርሱ ቢመልስለት ደግሞ የበለጠ ይረዳዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ርቀት ነው። ቀዶ ሕክምናው ልዩ ሐኪምና መሣሪያ ባሉባቸው ታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚደረግ፣ ዋጋውም በብዙ ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሚቆጠር ነው። ከዚያም በኋላ ለማስተካከል ደጋግሞ መመላለስ ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙዎቹን የካርቱም ሆስፒታሎች ከሥራ ውጭ ሲያደርግ፣ ከገዳሪፍ ገጠር ተነሥቶ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ የመስማት ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በድኻ አገሮች ነው። በእኔ በኩል፣ ተመላልሶ የሚያስተካክልበት ባለሙያ የሌለውን ልጅ በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ ቀዶ ሕክምና አድርጎ መመለስ ብቻውን ርዳታ አይመስለኝም። መሣሪያ እስኪገኝ፣ ከተገኘም በኋላ፣ የምልክት ቋንቋ ሊነፈገው አይገባም። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መስሚያውን የሚያዳክምበት ምክንያትም የለም።

በቤት የሚደረገው ልምምድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ከቤተሰቡ አንዱ፣ እኅትም ትሁን አያት፣ አፉን በወረቀት ጋርዶ አንድ ጊዜ በተተከለው ጆሮ፣ አንድ ጊዜ በሁለቱ፣ ቃላትን በዝግታ ይጠራል፤ ተማሪው ደግሞ የሰማውን ይጽፋል። ሰበረ፣ ከበረ፣ ቀበረ፣ ነበረ። ቀጥሎ መጣ። መጣ? ሄደች። ሄደች? የተሳሳተው እንዳይደመሰስ፤ በደብተር ላይ ከነቀኑ ይቀመጥ። «ሰ» በ«ከ» እየተተካ ከሆነ፣ ወይም ጥያቄው ሁሉ እንደ ዜና እየተጻፈ ከሆነ፣ ባለሙያው በሚቀጥለው ቀጠሮ የትኛውን መሣሪያ፣ በየትኛው በኩል ማስተካከል እንዳለበት ከዚያ ደብተር ብዙ ያገኛል።